ግስ ይቅደም

ዊኒፔግ። ጥር ወር። ሠላሳ አንድ ከዜሮ በታች።
የአውቶቡሱ መስኮት በረዶ ለብሶ ከተማዋ ጠፋች።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከማሞቂያው ጥግ፣ ወንበር ይዤ፣
ስሜን ብቻ ጽፌ ቀረሁ፣ ስሜ ላይ ፈዝዤ።
ከስሜ ሥር ያለው ገጽ ነጭ ነው፣ የተዘረጋ ሜዳ፣
ቀዩ ወንዝ በክረምት እንደሚተኛው፣ ዱካ የሌለው፣ ባዳ።

ባንኩ ለአራት ወር አንድ ተማሪ ይፈልጋል።
ማመልከቻው ዓርብ እኩለ ሌሊት ይዘጋል።
ዛሬ ረቡዕ ነው።

ወይዘሮ ፓንጋኒባን ሃያ ዓመት ብድር ክፍል ሠርተው፣
አሁን እኛን ያርማሉ፣ እርሳስ እንደ ስለት ቀርጸው።
«አንድ ገጽ» አሉኝ፤ «ከአንድ ገጽ ፈጽሞ እንዳያልፍ።
የአንባቢው ዓይን አውቶቡስ ነው፤ እጅ ካላነሳሽ የሚያልፍ።
ደግሞ ግስ ይቅደም። ‹መራሁ› በይ፣ ‹አስታረቅሁ› በይ፣ ቀጥሎ ምኑን፣
ከዚያ ቁጥሩን።»

ግስ ይቅደም!
በእናቴ ቋንቋ ግስ መቼ ይቀድም?
ማን፣ ለማን፣ በምን፣ መቼ፣ ስንት፣ ሁሉም ተራውን ይዞ ይገባል፤
ግስ አባወራ ነው፣ ሁሉ ከገባ ወዲያ መጥቶ በሩን ይዘጋል።
«እኔ» እንኳ ብትሆን፣ እዚያው በግሱ ጅራት፣
«ሁ» ሆና ተለጥፋ ነው የምታድር፣ ማንም ሳያያት።

ያም ሆኖ ጻፍሁ፦ «በነዳጅ ማደያ ገንዘብ ተቀባይ ነበርሁ።»
«‹ነበርሁ› ምን ሠራ?» አሉኝ። ቀና ሳልል ዝም አልሁ።
«በአንድ ምሽት ስንት ያልፋል በእጅሽ?»
«አራት ሺህ ያህል።»
«ስንቴ ጎደለብሽ?»
«አንዴ። አሥራ አራት ዶላር ከሰባ አምስት።
ደረሰኝ በደረሰኝ ስለቅም አነጋሁ፤
ሁለቴ የተመታ የሞተር ዘይት ነበር፣ አገኘሁት።»
«ታዲያ ይሄ ወረቀቱ ላይ የት አለ?»
የት ይኖራል?
እኛ ቤት ራሱን የሚያመሰግን ሲመጣ ጨዋታ ይቋረጣል።
ከብት ካለውና አፍ ካለው መርጠሽ አግቢ ቢሏት፣
አፍ ያለውን ያለችው ልጅ ይሄኔ ሲቪዋን ጨርሳ ተኝታለች፤ ማን አህሏት።

ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ደምሰው።
«የኔ ልጅ፣ የዚህ ወር ዕጣ የማን ነው?»
«የእትዬ ሙሉነሽ። የእርስዎ መቶ ዶላር ይቀራል፣ እሑድ ያምጡት።»
ስዘጋ ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ነበር። «ምንድነው?»
እቁብ ነው።
ሃያ አራት ሰው፤ በወር አምስት አምስት መቶ፤
መዝገቡ ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ እኔ ጋር፣
ጋሽ ደምሰው ዓይናቸው ደክሞ «አንቺ ያዢው» ካሉኝ ወዲህ።
እርሳሳቸው ሮጠ፤ በየወሩ አሥራ ሁለት ሺህ፣
በአንድ ዙር ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ሺህ።
«ያለ መያዣ?»
«በቃል።»
«የቀረ የለም?»
«አቶ ጉግሣ ዳሌያቸው ሲሰበር ሦስት ወር አልከፈሉም።
ዕጣቸውን ወደ ኋላ አዛወርን። ከፍለው ጨረሱ።»
«እኔ በሃያ ዓመት...» አሉ፣ ነገሩን ሳይጨርሱ።

ሌሊት «ዳይሬክተር» ብዬ ጻፍሁ። ደስ አለኝ። ሰረዝሁት።
ዳኛው ጋሽ ደምሰው ናቸው፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ጸሐፊ አልሁት።
«እቁብ»ን ብተረጉመው ደረቀብኝ፤ በፈረንጅ ፊደል እንዳለ ተውሁት፣
ቁጥሩን አጠገቡ አቆምሁት።
የምስክር ስም ሲጠይቅ ደወልሁ።
«ምን ብዬ ልመስክር?» አሉ ጋሼ ደንግጠው።
«ግሱን ያስቀድሙ» ብዬ ሳቅሁ።

ላክሁ፤ አንድ ገጽ፤ ዓርብ፤ ከምሽቱ አምስት ከአርባ፤ ከማደያው ጓዳ።
ቆጠርሁ፤ መሳቢያውን፤ ሁለቴ።
ሞላ።
ከዚያ መብራቱን አጥፍቼ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣ ቁልፉን ከኪሴ ፈልጌ፣
በሩን ዘጋሁ።